ጌሾ ይዤ በባንጊ ተከሰስኩ

ናይሮቢ የምንኖር የድሮ ሰዎች ሰብሰብ ባልን ቁጥር «እስቲ የጌሾሽን ነገር ንገሪን» የሚለኝ አይጠፋም። ሌላ ሰው ሲያወራው ወይ ያሳጥረዋል ወይ ይቀባባዋል። አንዱማ በአውሮፕላን ሐሺሽ ሳስገባ እንደተያዝኩ አድርጎ ሲተርክ፣ እኔው ራሴ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ከባለታሪኳ አፍ፣ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ጊዜው አገር ቤት ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ የሚልበት ነበር። እኔ በሞያሌ በኩል ወጥቼ ናይሮቢ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን አልጨረስኩም። አዲስ አበባ ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ልሆን ኮሌጅ ገብቼ ነበር፤ ናይሮቢ ሽንኩርት ከታፊ ሆንኩ። አላማረርኩም። የምከትፈው እትዬ ለተብርሃን ቤት ነበርና።

እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛውን ከእኛ አሳምረው ይናገሩታል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ትግርኛ ይሻገራሉ። ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ የያዘች ምግብ ቤት ነበረቻቸው። ማታ ማታ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ የኋላው ክፍል ነበር የማድረው። የወለዱኝን ያህል ይቆጡኝ ነበር፤ የወለዱኝን ያህልም ያበሉኝ ነበር።

ያን ሰሞን የእህታቸው ልጅ ልታገባ ነው። ሠርግ ደግሞ ያለ ጠላ አይሆንም፤ እሳቸው ስዋ ነው የሚሉት። ገብሱ ናይሮቢ ሞልቷል፣ ጌሾው ግን የሚመጣው ከአገር ቤት ነው። ሞያሌ የሚመላለስ አንድ ሹፌር አንድ ከረጢት የደረቀ የጌሾ ቅጠል ይዞ መጣና፣ «ጥሩ፣ አውቶቡስ ተራ ሄደሽ ተቀበይው» ተባልኩ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ሁሉም ጥሩ ነው የሚለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ያኔ ኬንያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ መጠጥ መጥመቅ ክልክል ነበር። እኛ ቤት «ጠላ» የሚለው ቃል እንግዳ ፊት አይነሳም፤ «የገብስ ውሃ» ነው የሚባለው። እትዬ ለተ ከቤት ስወጣ የነገሩኝ የመጨረሻ ቃል፣ «ለማንም ለምን እንደሆነ እንዳትናገሪ፤ ጠላ ካልሽ ምግብ ቤቴ ተዘጋ ማለት ነው» የሚል ነበር።

ከረጢቴን ተቀብዬ ወደ ፓርክላንድስ የሚሄድ ማታቱ ላይ ወጣሁ። የዚያን ጊዜ ማታቱ የኋላው ሸራ የለበሰ ፒክአፕ ነው፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ ይሄዳል። እንዲህ ተቀምጦ አለማውራት አይቻልም። ያን ሳምንት ደግሞ ወሬው አንድ ነው። አንድ የፓርላማ አባል፣ ትንሽ ባንጊ ለራሱ ይዞ የተገኘ ሰው እንደ ወንጀለኛ መታሰሩ ይቅር፣ ይመከርና ወደ ቤቱ ይሂድ የሚል የሕግ ሐሳብ አቀርባለሁ ብሎ አገር ምድሩን አንጫጭቶት ነበር። ባንጊ ማለት ያው ሐሺሽ ነው። በሬዲዮም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ስለዚሁ ነው የሚወራው።

«ነገ ልጆቻችን እያጨሱ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው!» አሉ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ፣ በዚያ ሙቀት ኮት የደረቡ ሽማግሌ።

«ያጭሱ አላለም እኮ ምዜ» አለች፣ አባቴ እንደ ማለት፣ አጠገቤ ያለች የቢሮ ልብስ የለበሰች ሴት። «አይታሰሩ ነው ያለው። ወንድሜ ለአንዲት ጥቅል ገብቶ፣ ሲወጣ ኪስ አውላቂ ሆኖ ነው የወጣው። ማን አስተማረው? እስር ቤቱ አይደለም?»

«ሕግ ካልፈሩ ምን ይፈራሉ?»

«እናታቸውን!»

ማታቱው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ደጋፊ ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«ሲጁዊ» አልኩ። አላውቅም ማለት ነው። ስዋሂሊ ከለመድኩ ጀምሮ ከችግር ያወጣኝ ቃል እሱ ነበር። እውነትም አላውቅም። ባንጊ አይቼም አላውቅ። የሌላ አገር ሕግ፣ ለዚያውም የሐሺሽ፣ እኔን ምን አገባኝ?

ወዲያው ማታቱው ቆመ። ፍተሻ ነው።

አንድ ወፍራም ኮርፖራል አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አየንና ዓይኑ ከረጢቴ ላይ አረፈ።

«ሂ ኒ ኒኒ?» አለኝ። ይሄ ምንድን ነው?

ከረጢቱን ፈታሁለት። እጁን ሰደደና አንድ ጭብጥ አወጣ። የደረቀ፣ የተሰባበረ፣ አረንጓዴና ቡኒ የተቀላቀለበት ቅጠል። አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። ፊቱ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ቀስ እያለ በራ።

«ባንጊ!» አለ።

ጉልበቴን ሲገጩ የመጡት ተሳፋሪዎች ሁሉ በዚያ ጠባብ ማታቱ ውስጥ እንዴት እንደቻሉ እንጃ፣ ብቻ ከእኔ ርቀው ተጠቅልለው ተቀመጡ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አላልኳችሁም? ሕጉ ሳይወጣ በከረጢት ተጀመረ!»

«አይደለም! ባንጊ አይደለም!» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጠላ ልበል? የእትዬ ለተ ምግብ ቤት። ዝም ልበል? ባንጊ። ከሁለቱ መሃል አንድ ቃል ፍለጋ አእምሮዬን በረበርኩ።

«ዳዋ» አልኩ፤ መድኃኒት። «ዳዋ ያ ቱምቦ። የሆድ መድኃኒት።»

ኮርፖራሉ ከረጢቱን አየ፤ እኔን አየ። «ይሄ ሁሉ? ስንት ሆድ ነው ያለሽ?»

እንዲህ ነው የተያዝኩት።

ጣቢያ ስንደርስ አለቃው የስደተኛ ወረቀቴን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዳ ሆነሽ በዚህ ትጀምሪያለሽ?» አለኝ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ አዘነ አጎት። ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን ሲያይ ውሃ አስመጣልኝ፤ ውሃውን ስጨርስ እስር ክፍል አስገባኝ።

ክፍሏ ጠባብ፣ ሲሚንቶዋ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው አምስት ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። መሃላቸው የነበሩ አንዲት ሰፋ ያሉ፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ያሰሩ ሴት በስዋሂሊ፣ «በምን ነው?» አሉኝ።

«ባንጊ ነው ይላሉ።»

«አይዞሽ፣ እኛም በዚሁ ነን። ምን ያህል አገኙብሽ?»

ስዋሂሊዬ ስላልበቃኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ የከረጢቱን ቁመትና ወርድ አሳየኋቸው። አንዲት ወጣት ፀጉር ሠሪ ከተቀመጠችበት የግድግዳ ጥግ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ሌላዋ ካርቶን አነጠፈችልኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የሞያሌን መስመር የያዝኩ ትልቅ ነጋዴ መስያቸው ነበር። እንዲያ ተከብሬ አላውቅም። እውነቱን ስነግራቸው ግን ያከበሩኝን ያህል ሳቁብኝ።

ሻሽ ያሰሩት ሴት ማማ አኪኒ ይባላሉ። ከሐይቁ አገር፣ ከኪሱሙ በኩል ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ሁለት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ጉልበታቸውን ሪህ ይዟቸው ቀኑን ሙሉ መቆም ሲያቅታቸው፣ አንዲት ጎረቤታቸው ማታ ማታ ትንሽ ባንጊ ቢያጨሱ ሕመሙ እንደሚቀልላቸው ነገረቻቸው። ቀለላቸውም። ፖሊስ ገበያውን ሲፈትሽ መቀነታቸው ውስጥ አንዲት ጥቅል ተገኘች። አንዲት ብቻ።

«ምሄሺሚዋው ሕጉን ያወጣዋል» ይሉ ነበር ማማ አኪኒ። ምሄሺሚዋ የተከበሩ ማለት ነው፤ የፓርላማ አባል ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። «በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ የደግ ሰው ነው። እኔ ዳኛ ፊት እስክቀርብ ይደርስልኛል።»

ፀጉር ሠሪዋ አታምንም። «ማማ፣ እነሱ ሕግ የሚያወጡት ከምሳ በኋላ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይተኛሉ።»

ሲመሽ ሲሚንቶው በረዶ ሆነ። ማማ አኪኒ ብርድ ልብሳቸውን ግማሹን ወደ እኔ ወረወሩት። «ጠጋ በይ፤ ነጋዴዬ» አሉኝ።

በነጋታው እትዬ ለተ ድምፃቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ ደረሰ። «ዋይ ኣነ! ልጄን የት አደረጋችኋት?» ምግብ በአገልግል ይዘው መጥተዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ ሚስተር ዴሳይ አሉ። ሚስተር ዴሳይ ሕንዳዊ ኬንያዊ ጠበቃ ናቸው፣ ሥጋ ስለማይበሉ ሽሯችንን ፍለጋ ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ እትዬ ለተ «ጾመኛው» ነው የሚሏቸው። ታሪኬን ነገርኳቸው። ጌሾው ለምን እንደሆነም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። መነጽራቸውን አወለቁና ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«የዚያን የሕግ ሐሳብ ረቂቅ ለምሄሺሚዋው ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ» አሉኝ። «አንቺን እግዚአብሔር ነው የላከልኝ።»

«እስር ቤት ነው የላከኝ» አልኳቸው።

ፍርድ ቤት ቀረብን። ዳኛው የእኔም የማማ አኪኒም ቅጠል ይመርመር ብለው መለሱን፤ ውጤቱ እስኪደርስ ካርቶናችን ላይ ተመለስን። እትዬ ለተ በየቀኑ ምግብ ሲያመጡ ለሁላችንም ሆነ። ማማ አኪኒ ሽሮውን ቀምሰው «ጥሩ ነው፤ ግን ዓሣ ይጎድለዋል» አሉ። እትዬ ለተ በበሩ ፍርግርግ በኩል፣ «ሽሮ ውስጥ ዓሣ? እግዚኦ!» ብለው ሲመልሱ፣ ሁለቱም በማይግባቡበት ቋንቋ ሲጨቃጨቁ፣ ዘብ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኮርፖራሉ ግን ድምፁ ተዘግቶ ያስል ነበር። ከረጢቴም ጎደል ብሎ ያየሁት መሰለኝ። የራሱን ምርመራ አድርጎ ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም።

የውጤቱ ቀን ችሎቱ ሞላ። መንግሥት የመደበው የቅጠል መርማሪ፣ ትልቅ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ተነስቶ ቆመ።

«ክቡር ዳኛ፣ ከዚህች ሴት ላይ የተያዘው ባንጊ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን አላወቅሁትም። አፍልቼዋለሁ፤ ይመራል።»

«ቀመስከው?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ራሳቸው ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺው ንገሪን እንግዲህ። ምንድን ነው? ለምንስ ይሆናል?»

ከበስተኋላዬ የእትዬ ለተን ሳል ሰማሁ፤ የሰው ሳል አይመስልም፣ ጥሩምባ ነበር። ዳኛ ፊት ልዋሽ? እውነቱን ተናግሬ ያሳደገኝን ቤት ላዘጋ? «ጌሾ ይባላል ክቡር ዳኛ» አልኩና ወደ ሚስተር ዴሳይ ዞር አልኩ።

ሚስተር ዴሳይ ብድግ አሉ። «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ የተከሰሰችው በባንጊ ነው። ባንጊ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሌላ ክስ የለባትም፤ ከዚህ በላይ እንድትናገርም አትገደድም።»

ዳኛው ደክሟቸዋል፤ ወይም ተዝናንተዋል። «ትክክል ነው» አሉ። «ተሰናብተሻል። ቅጠልሽንም ውሰጂ።»

እትዬ ለተ እልል አሉ። አስቀልጠው! ፖሊስ ሮጦ ሄዶ ዝም አስባላቸው። እኔ ከተከሳሽ ሳጥን ወርጄ ገና አግዳሚው ላይ ሳልቀመጥ፣ ማማ አኪኒ ተጠሩ።

መርማሪው ተነሳ። የእሳቸው ባንጊ ነው አለ። አቃቤ ሕጉ በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ጸሐፊው በስዋሂሊ፣ «ያንቺ ነው?» አላቸው። ማማ አኪኒ፣ «አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ። እንዴት ሌላ ሊሉ ይችላሉ? የእሳቸው ነውና! ስለ ጉልበታቸው የጠየቃቸው የለም። ጠበቃም የላቸውም። ሚስተር ዴሳይ ለመናገር ሲነሱ ጥፋተኛ ነኝ ብላለች ተብሎ ተጽፏል።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ግንባራቸውን አሹ። «ሕጉ የሰጠኝ ይህን ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። «ፓርላማ ከቀየረው እኔም እቀይራለሁ። እስከዚያው ሁለት ዓመት እስራት።»

ማማ አኪኒ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የዳኛውን ፊት አዩ፣ የጸሐፊውን ፊት አዩ፣ ጸሐፊው ግን ቀጣዩን ስም እየፈለገ ነበር። ከዚያ ዞር ብለው በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ፈለጉኝ።

«ልጄ፣ ምን አለ?»

እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ጠጋ ብዬ በዚያች በተሰባበረች ስዋሂሊዬ፣ «ሚያካ ሚዊሊ፣ ማማ» አልኳቸው። ሁለት ዓመት።

አላለቀሱም። «ለአንዲት?» አሉ ብቻ፣ አንድ ጣታቸውን ከፍ አድርገው። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ በአንዱ በር አስወጣቸው። እኔ ከረጢቴን ታቅፌ በሌላው በር ወጣሁ።

ያን ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ድግስ ሆነ። ሰው ሁሉ እየሳመኝ ይስቃል፤ «የሆድ መድኃኒት!» እያለ ይደግማል። እኔ ግን ጣታቸው ከፊቴ አልሄድ አለኝ። ሚስተር ዴሳይ ሽሯቸውን እየበሉ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ቅዳሜ ምሄሺሚዋው እዚሁ ፓርክላንድስ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ ሐሳቡ ያነጋግራል። የሆነብሽን ብትናገሪ ብዙ ይጠቅመናል።»

እትዬ ለተ የያዙትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርገው አስቀመጡት። «አይሆንም! ሚስተር ዴሳይ፣ እርስዎ አገርዎ ነው። እሷ በወረቀት ነው የተቀመጠችው። ፖለቲካ ውስጥ ገባች ብለው ቢያባርሯት ወዴት ትሄዳለች? ወደ ደርግ? ከኤምባሲውስ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይኖርም ትላላችሁ?»

ትክክል ነበሩ። ሠርግ ለማሟሟቅ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱም፣ «ክርስቲያን ልጅ ለሐሺሽ ጠበቃ ቆመች ሲባል ደስ ይላል?» አሉኝ። እሳቸውም በራሳቸው በኩል ትክክል ነበሩ። አርብ ምሽት ድረስ አልሄድም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን እንቁላል ልገዛ ገበያ ወጣሁና እግሬ ማማ አኪኒ ዓሣ የሚጠብሱበትን ቦታ ፈለገ። ምድጃቸው ተነስቶ ሌላ ሰው ቲማቲም ዘርግቶበታል። የልጅ ልጆቻቸውስ ብዬ ብጠይቅ፣ «አንዷን አክስቷ ወሰደቻት፤ ሌላኛውን ለዘመድ ላኩት» አሉኝ። እንቁላሉን ሳልገዛ ተመለስኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ምሄሺሚዋው ቀይ ክራባት አድርጎ ብዙ ተናገረ፤ እውነትም ድምፁ ያምራል። ስሜ ሲጠራ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

«ስሜ ጥሩወርቅ ነው» አልኩ በስዋሂሊ። «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት። ስዋሂሊዬ የወጥ ቤት ስዋሂሊ ነው፤ ካጠፋሁ አርሙኝ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ትንሽ አበረታኝ፤ በባንጊ እንዴት እንደተያዝኩ ነገርኳቸው።

«ሚስተር ዴሳይ የጠሩኝ ያለ ጥፋቴ መታሰሬን እንድናገር ነው። እሱን ነገርኳችሁ። የእኔ ቅጠል ባንጊ አልነበረም፣ ተፈታሁ፣ አለቀ። የመጣሁት ባንጊ ስለያዘችው ሴት ልናገር ነው። ብርድ ልብሷን አካፍላኛለች። ባንጊ አላጨስኩም፣ ሽታውንም አልወድም። ግን እሷ ከዓሣዋ ተነጥላ ስትታሰር ማን ተጠቀመ? የተጠቀመ ሰው ካለ እጁን ያውጣና እኔ ልቀመጥ።»

ከኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ጮኸ። «አንቺ እንግዳ ነሽ! የእኛ ሕግ ምን አገባሽ?»

አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ወጣ። «ሲያስሩኝ እንግዳ ነሽ ብለው አላለፉኝም!»

ጭብጨባው ከጣሪያው የሚመጣ ነበር የመሰለኝ። ቀና ስል መጨረሻው ወንበር ላይ፣ አልመጣም ብለው የቀሩት እትዬ ለተ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለውን ሰው፣ «የእኔ ልጅ ናት» ይሉት ነበር አሉ፣ በአማርኛ፣ ሰውየው ይግባው አይግባው ሳያስቡ።

የፈራነው አልቀረም። የስደተኞችን ጉዳይ ከሚያየው መሥሪያ ቤት ጥሪ መጣ። እትዬ ለተ ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅተው ሸኙኝ። የተቀበለኝ ሹም ወረቀቴን ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«እዚህ አገር የተጠለልሽው በሰላም እንድትኖሪ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለተኛ መድረክ ላይ እንዳትወጪ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ሂጂ።»

ወረቀቴን መለሰልኝ። ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም።

ሕጉ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልሆነም። ጩኸቱ ሲበረታ፣ ቄሱም፣ ሼሁም፣ ጋዜጣውም ሲነሳበት፣ ምሄሺሚዋው ሐሳቡን ሳያቀርብ አጠፈው። ከወራት በኋላ ምግብ ቤታችን መጥቶ ጥብስ ሲበላ፣ «ያ ሐሳብ እንዴት ሆነ?» ብዬ ብጠይቀው አኝኮ ጨረሰና፣ «የትኛው ሐሳብ?» አለኝ።

ሚስተር ዴሳይ ግን አልረሱም። ሹሙ መድረክ ላይ አትውጪ አለኝ እንጂ ፍርድ ቤት አትግቢ አላለኝም። ወረቀት ሳይኖረው የተያዘ ሐበሻ ሲቀርብ እያስጠሩ አስተርጓሚ አደረጉኝ። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጎን ለጎን ነበር፤ በኋላ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ከተፈው። ስዋሂሊውን በደንብ ተማርኩ፤ የሕግ እንግሊዝኛውንም። የኖርኩበት፣ ልጆች ያሳደግኩበት ሥራ ይኸው ሆነ። ዳኛ ሲናገር ተከሳሹ ዓይኑን ሲያንከራትት ካየሁ አሁንም ማማ አኪኒ ናቸው የሚታዩኝ፤ ስለዚህ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነው የምነግረው።

ማማ አኪኒን እስር ቤት እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በመልካም ጠባይ ቀነሱላቸውና ሲፈቱ ከበር ተቀብዬ ወደ ፓርክላንድስ ወሰድኳቸው። እትዬ ለተ ሽሮ አቀረቡላቸው። ማማ አኪኒ ጨርሰው በልተው፣ ተነስተው፣ እጃቸውን ታጥበው ወጥ ቤት ገቡ፤ ያን ቀን የወጡት ሲመሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ እሳቸው የሚጠበስ ዓሣ እኛ ቤት አልነበረም። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ሁለቱ ሴቶች እስኪያረጁ ተጨቃጨቁ፤ ያኔ ግን ሁለቱም የሌላኛቸውን ቋንቋ ያውቁ ስለነበር ጭቅጭቁ ረዘመ። የልጅ ልጆቻቸውም ተመለሱላቸው። ሪሁ አልለቀቃቸውም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚጠብሱት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ስነግር ሁልጊዜ በመጨረሻ አንድ ሰው፣ «ታዲያ አንቺ ባንጊ ይፈቀድ ነው የምትይው?» ይለኛል። ምን እንደምል ልንገራችሁ። እኔ አሁን እናት ነኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች ናይሮቢ ውስጥ አሳድጌአለሁ፤ ምን እንደሚያጨሱ፣ ምን እንደማያጨሱ ሁሉን አውቃለሁ ብል ራሴን አታለልኩ። አንዱን ባንጊ ሲያጨስ ባገኘው በነጠላ ጫማዬ ነው የማጋየው፤ አባቱ ቢለምነኝ አልሰማም፣ ጎረቤት ቢሰበሰብ አላፍርም። ተመትቶ፣ አልቅሶ፣ አኩርፎ ሲያበቃ ግን ማታ እዚያው ቤታችን፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ላየው እፈልጋለሁ።